በግራ እጅ የታሰረ ጥቅል

ይድረስ ለእማዬ፣ በገዛ እጅሽ ይግባልኝ።

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን ስትወጪ መሐል ላይ ቆመሽ የምትተነፍሺበት ቦታ አሁንም ያው ነው ወይስ ዝቅ ብሏል? ብርድ ሲመጣ የሚያስቸግርሽ ትከሻሽስ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግብ ሲቀርብልሽ በልቻለሁ እያልሽ ሰው ማታለልሽን ትተሻል? ስለ ዓይንሽ ግን አልጠይቅም፤ የዓይንሽን ነገር እህቴ ነግራኛለች፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ይህንን ቃል ሰው ሁሉ በደብዳቤው አናት ላይ የሚጽፈው በልማድ ነው፤ ታሞም ይጽፈዋል፣ ከፍቶትም ይጽፈዋል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን በልማድ አይደለም። ደህና ነኝ ማለቴ አልሞትኩም ማለቴ ነው። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ የመንጋጋ ጥርሴን ያመኛል፣ የቀኝ ጫማዬ ውሃ ያስገባል። የሞተ ሰው ጫማው ውሃ ቢያስገባ ምን ይገደዋል? መቀለዴ እንዳያስከፋሽ እማዬ። ማሽላ እያረረ ይስቃል ስትዪን የኖርሽው አንቺው ነሽ።

ቶሎ ቶሎ፣ እህት ዓለም፣ ይህንን የምታነቢላት አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ። እባክሽን መስመር አትዝለዪ። ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ እየተባለ ስም የወጣልሽ በከንቱ አይደለም። የምታፍሪበት ወይም ሆድሽ የሚባባበት ቦታ ብትደርሺም እንዳለ አንብቢላት።

እማዬ፣ ጥቁር ለብሰሽልኛል አሉ። ፎቶዬን ከግድግዳ አውርደሽ ጉልበትሽ ላይ ታስቀምጪዋለሽ አሉ፤ ዓይንሽ አላይ ስላለሽ በጣትሽ መስታወቱን ስትዳስሺው ትውያለሽ አሉ። በሕይወት እያለ የሚለቀስለት ሰው ምን እንደሚሰማው እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? ይህን የሰማሁ ዕለት መጀመሪያ ላይ ተናደድኩ። ቀጥሎ ልመጣ ተነሳሁ፣ መምጣት እንደማልችልም ትዝ አለኝ። ከዚያ በኋላ አንቺ ለምታለቅሺለት ሰው እኔም አብሬሽ ላለቅስለት ምንም አልቀረኝም ነበር፣ አፍሬ ተውኩት።

ነገሩ በእኔ በኩል እንዴት እንደነበረ ልንገርሽ። ያን ሰኞ አንድ ሰው ደወለልሽ። እማዬ እኔ ነኝ፣ አደጋ ደርሶብኛል፣ ተጎድቻለሁ አለሽ። ድምፁ የታፈነ ነበር። አንቺም ደንግጠሽ ግራኜ ነህ ወይ አልሽው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያ ሰው ግራኜ የሚባል ፍጡር በዓለም ላይ መኖሩን አያውቅም ነበር። ስሜን ከአፍሽ ተቀብሎ አዎ ግራኜ ነኝ አለሽ። ትንሽ ቆይቶም ልጅሽ ልኮኝ ነው ብሎ በር ላይ ለመጣው ሰው የእናትሽን ጉትቻ ከጆሮሽ አውልቀሽ ሰጠሽው። ስለ ጉትቻው አንድ ቃል አልናገርም፣ የሄደ ይሂድ። ለልጇ ብላ ጆሮዋን ያራቆተች እናት ላይ የሚፈርድ ካለ እሱን ለእኔ ተይው።

ሰውየው እንደሄደ ስልኩ ተዘጋ፤ እህቴም ወዲያው ለእኔ ደወለች። ስልኬ አይሠራም። ደጋግማ ደወለች፣ ቀኑን ሙሉ አይሠራም። እኔ አመሻሽ ላይ ከምድር ቤት ወጥቼ የጥሪውን ብዛት ሳይ ወዲያው ደወልኩ። ያነሳሽው አንቺ ነበርሽ። እኔም ሌላ ምን እላለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የምለውን አልኩ፤ እማዬ፣ እኔ ነኝ አልኩሽ። ስልኩ መሬት ሲወድቅ ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ያሰብሽው ሁሉ ልክ ነው እማዬ፣ የተሳሳተው መደምደሚያው ብቻ ነው። ልጄ ተጎዳ ተባለ፣ ቀኑን ሙሉ ስልኩን አላነሳም፣ ማታ በእሱ ስልክ ሌባው ጠዋት ያለውን ያንኑ ቃል የሚናገር ሰው መጣ። እንግዲያው ልጄን ገድለው ስልኩን ወስደዋል አልሽ። እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን እንደዚያው እል ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ ያውም አንቺን እባቡ ነክሶሻል።

ያን ቀን ምድር ቤት ምን ስሠራ እንደዋልኩ ብነግርሽ ግን፣ በሌላ ጊዜ ቢሆን ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። እዚህ ሰው አገር የምሠራበት ቤት መድኃኒት በቅዝቃዜ የሚያስቀምጥ መጋዘን ነው። ላይ ያሉት ክፍሎች ከመብረዳቸው የተነሳ ሠራተኛው ካፖርት ለብሶ፣ አፍንጫውን እያሻሸ ነው የሚሠራው። የእኔ ቦታ ከሥር ነው። መስኮት የለውም፣ ቱቦዎች በጣሪያው ያልፉበታል፣ የስልክ ሞገድ አይገባበትም። እዚያ ሰርቨር የሚባል ማሽን አለ፤ እንደ ቁም ሣጥን ቆሞ ሲያጉረመርም ይውላል። የክፍሎቹን ቅዝቃዜ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ሠራተኞቹ በየጠረጴዛቸው ባለው ኮምፒውተር የእሱን መቆጣጠሪያ ገጽ ይከፍቱና የትኛው ክፍል ሞቀ፣ የትኛው በር ሳይዘጋ ቀረ ብለው ያያሉ።

ችግሩ ገጹ ሲከፈት ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ገጹ ሳይሆን ቀይ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም፣ ሌቦች ሊዘርፉህ ይችላሉ፣ ተመለስ ይላል። ተመለስ የሚለው በትልቁ ተጽፎ፣ ግድ የለም ልግባ የሚለው ከታች በደቃቃ ፊደል ተደብቋል። ሌባ ግን የለም። ማሽኑ የራሳችን ነው፣ ሽቦውም ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ግድግዳ ነው። ነገሩ ምን መሰለሽ፣ እንደዚህ ያለ ማሽን እኔ እገሌ ነኝ የሚል የምስክር ወረቀት ማሳየት አለበት። ወረቀቱን ሌላ የታወቀ ወገን ፈርሞ ሲሰጠው ኮምፒውተሩ ያምነዋል። የእኛ ማሽን ግን ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ፈርሞ፣ ራሱ ነው የሚያሳየው። ዋስህ ማነው ሲሉት እኔው ነኝ ብሎ ቁጭ የሚል ሰው ታውቂያለሽ? እንደሱ ነው። ዋሽቶም አይደለም፣ እውነቱን ነው። ግን ውሸታምም ቢሆን ኖሮ የሚያሳየው ያንኑ ወረቀት ነበር።

ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ሠራተኛውን ሁሉ ዝም ብላችሁ እለፉት እያለ አስለምዷቸው ሄደ። እነሱም ቀዩን ሳያነቡ ያልፉት ነበር። በቅርቡ ደግሞ የደኅንነት አሠልጣኝ ተብሎ አንድ ሰው መጣና፣ ቀይ ባያችሁ ጊዜ ዝጉት፣ አትንኩት፣ ከዚያ ሽሹ አላቸው። ሁለቱም ልክ ናቸው እኮ። አንድ ጠዋት የአንደኛው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ቀረ። ተረኛው ሊያይ ገጹን ከፈተ፣ ቀዩ መጣ፣ እንደተማረው ዘጋውና ሻዩን ሊጠጣ ሄደ። ስንደርስ አንድ መደርደሪያ ሙሉ መድኃኒት ሞቆ የሚጣል ሆኗል።

የመጋዘኑ ኃላፊ ባንቺ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ስትቆጣ ድምፅዋ ከመጨመር ይልቅ ይቀንሳል፤ ሠራተኛው ሁሉ የሚፈራው ሹክሹክታዋን ነው። የተበላሸውን መድኃኒት ሣጥን በመዳፏ ነካ አደረገችና፣ አንደኛችሁ እለፉ ትላላችሁ፣ ሌላኛችሁ ቁሙ ትላላችሁ፣ ይህ ሰው የማንን ይስማ አለችኝ። ማስጠንቀቂያውን አጥፋልኝ አለች፤ ሰው እንዲያልፈው አይደለም፣ ከነጭራሹ እንዳይመጣ። ሌባው የደወለልሽ ዕለት እኔ ከምድር በታች ተቀብሬ የዋልኩት ይህንን ስሠራ ነው። ተቀብሬ ማለቴን ሰርዢልኝ፣ አመለጠኝ።

መፍትሔው ሲናገሩት ቀላል ነው። ቤቱ የራሱ የሆነ አንድ ፈራሚ ይቋቋምለታል፤ ያ ፈራሚ ለማሽኑ ወረቀቱን ይፈርምለታል። ኮምፒውተሮቹ ግን ፈራሚውን አስቀድመው ማወቅ አለባቸው፣ ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። የፈራሚውን መታወቂያ በዚያው በተጠረጠረው መስመር ብልከው እሱንስ ማን ያምነዋል? ሌባም ቢሆን የራሱን ፈራሚ እንዲሁ አድርጎ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ በፍላሽ ገልብጬ፣ ኪሴ ከትቼ፣ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞርኩ በየኮምፒውተሩ በእጄ አስገባሁት። ሠራተኞቹ ተሳሳቁብኝ። ይህን ሁሉ ተምሮ እንደ ፖስተኛ ይዞራል አሉኝ። ይበሉ፣ እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩ።

ጨርሼ ደረቴን ነፍቼ ኃላፊዋን ጠራኋት። ገጹን ከፈተችው። ቀዩ ቁልጭ ብሎ መጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለካ እኔ በወረቀቱ ላይ ያሰፈርኩት የማሽኑን ሙሉ ስም ነው፤ ሠራተኛው ግን ከጥንት ጀምሮ የሚጠራው በአድራሻ ቁጥሩ ነው። ኮምፒውተሩም በበኩሉ አንተ የጠራኸው ሌላ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ ብሎ ግትር አለ። ምድር ቤት ወርጄ ሁለቱንም አስገብቼ እንደገና ጻፍኩት። አሁን ስትከፍተው ቀዩ የለም፣ ገጹ ብቻ ነው የመጣው። ብዙ ካየችው በኋላ፣ እኔ ይህንን አሁን የማምነው ስለምንድነው አለችኝ። በእጄ ስላስገባሁልሽ ነው አልኳት። አዎ፣ ስታስገባ አይቼሃለሁ አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ይኸውልሽ እማዬ፣ ብረት አሳመንኩ። የወለደችኝን ማሳመን ግን አቃተኝ።

ምን ያልሞከርነው አለ? ሙሉ ስሜን ብናገር የትምህርት ቤት ስም ነው፣ በየወረቀቱ አለ። ግራኜ ብል እሱም ከሌባው ጋር ሄዷል። በእህቴ በኩል ምስጢር ልላክልሽ ብዬ፣ ልጅ ሆኜ የመብራቱን ብርጭቆ ሰብሬ ስብርባሪውን ፍራሽ ሥር የደበቅኩትን አስነገርኩሽ። አንቺም ይህን ከልጄ በቀር የሚያውቅ የለም፣ እንግዲያው ይዘው አስለፍልፈውታል አልሽ። የአባባን የመጨረሻ ቃል ብነግርሽ የባሰ ሆነ፤ ምን ቢያደርጉት ነው ይህን አውጥቶ የሰጣቸው ብለሽ ቀኑን ሙሉ አለቀስሽ አሉ። እውነት በነገርኩሽ ቁጥር እየተሰቃየሁ ስናገር ታየሁሽ። ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ፤ እውነቴ ሁሉ ላንቺ ስቃይ ሆኖብኛልና።

በምስል እንደዋወል አለች እህቴ። አንቺ ከስልኩ ላይ ከብርሃን በቀር የሚታይሽ የለም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም፣ ዘንድሮ እኮ የሰው መልክና ድምፅ አስመስለው የሚሠሩ አሉ ብላ ነገረችሽ። አትቀየሚያት፣ እኔም አልቀየምኳትም። ልክ ናት፣ አሉ። እኔ በዚህ ሙያ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝና የለም ብዬ ልዋሽሽ አልችልም።

ሌላም ምስክር ፍለጋ ራሴን ፈተሽኩ። ከሥራ ስመለስ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አንቺና እኔ ብቻ የምናውቀውን መቁጠር ጀመርኩ። ሁሉም ከመሄዴ በፊት ያለ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን እኔ ያንቺን አላውቅ፣ አንቺ የእኔን አታውቂ። የትኛው ወንበር ላይ እንደምትቀመጪ፣ በየትኛው ስኒ እንደምትጠጪ እንኳ አላውቅም። በስልክ ሁልጊዜ ደህና ነኝ፣ ደህና ነሽ እንባባላለን እንጂ ምን ተነጋግረን እናውቃለን? አንድ ሌባ በሁለት ደቂቃ ያለሽን ያችኑ እማዬ እኔ ነኝ እኔም ለዓመታት ስልሽ ኖሬ ነበር። ይህን ሳስበው ከሁሉም በላይ አመመኝ።

መምጣቱ ይሻላል ትይ ይሆናል። ይሻላል፣ እሱ ብቻ ነው መፍትሔው። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነው፣ ፓስፖርቴም ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ዘንድ ነው። መስኮቱ ጋ እየሄድኩ እጠይቃለሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ክፉ አይደለችም፣ ታዝዛ ነው። ለአስቸኳይ ጉዞ ከሆነ የቤተሰብ ሞት ማስረጃ አምጣ አለችኝ። የሞተው እኔ ነኝ ብላትስ ብዬ ሳስብ ሳላውቀው ሳቅሁ። የምቀልድባት መስሏት ተቀየመችና መስኮቱን ዘጋችው። እስኪጠሩኝ ድረስ እጄን አጣጥፌ ከመቀመጥ በቀር የማደርገው የለም።

አሁን ወደ ዓይንሽ ልምጣ። ሐኪሙ ሞራው በስሏል፣ ጊዜው አሁን ነው፣ ከዘገየ ይከብዳል ብሎ ለቀዶ ሕክምና ቀን ሰጥቶሽ ነበር። አንቺ ደግሞ ማንን ላይበት ብለሽ መለስሽው አሉ። እህቴ ይህን ስትነግረኝ እኔ ደረጃ ላይ ነበርኩ፤ እዚያው ተቀመጥኩ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ እግሩን እያነሳ አለፈኝ። እማዬ፣ በእኔ ምክንያት ዓይነ ስውር ሆነሽ ልትቀሪ ነው። እኔ ደግሞ ጤነኛ ሆኜ፣ ዓይኔ እያየ፣ እዚህ ቁጭ ብያለሁ።

ፍላሹን ኪሴ ከትቼ ስዞር የገባኝ ነገር አለ። በአፍ የሚነገር ነገር ሁሉ ይሰረቃል። በመስመር የሚላክ ሁሉ ይጠረጠራል። እንግዲያው የማይነገር ነገር ያስፈልገኛል አልኩ፤ ሰው ቢያስለፈልፈኝ እንኳ በቃል ላወጣው የማልችለው።

ትሠሪበት የነበረው የጨርቅ መደብር ትዝ ይልሻል? አንቺ ጥቅል ስታስሪ እኔ ባንኮኒው ሥር ተቀምጬ እጠብቅሽ ነበር። ክሩን ጠምጥመሽ፣ ጫፉን ከሥር ደብቀሽ የምታስሪያት ቋጠሮ ነበረችሽ። ጫፏን የሚያውቅ በአንድ ጣት ስቦ ይፈታታል፣ የማያውቅ በጥርሱም አይበግራት። ለእኔም አስተማርሽኝ። እኔ ግን የማስረው በግራ እጄ ነውና ሁሉም ነገር ተገልብጦ ይወጣ ነበር፤ ጫፉ መኖር ባለበት በኩል አይገኝም። ደንበኛው መፍታት አቅቶት እየተመለሰ ሲያማርር የመደብሩ ባለቤት ይህ ልጅ ሁለተኛ ክር እንዳይነካ አለ። አንቺ ግን ከደንበኛ ጋር እያወራሽ፣ ፊትሽን እንኳ ሳታዞሪ፣ በጣትሽ ዳሰስ አድርገሽ ይህ የግራኜ ነው ትይና በወዲያኛው በኩል ስበሽ ትፈቺው ነበር። ቶሎ ቶሎ አንድም ቀን አልቻለችበትም። የሷ ቋጠሮ መፍቻ መቀስ ነው፤ በቆረጠችው ክር ስንት ጊዜ ተቆጣሻት።

ክር ገዛሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ልሠራው ስል ጣቶቼ ረስተውታል። ጠመጠምኩ፣ ተፈታ። እንደገና ጠመጠምኩ፣ እንደ ማንም ሰው ቋጠሮ ሆኖ ወጣ። ያኔ በእውነት ፈራሁ፤ ይህችም ከጠፋች እኔ መሆኔን ለራሴስ በምን አውቀዋለሁ አልኩ። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ባንኮኒው፣ ያንቺ እግር፣ የጨርቁ ሽታ መጣልኝ፤ ጣቶቼ ራሳቸው ሄዱበት። ዓይኔን ስገልጥ ታስሯል። ጫፉን ራሴ እንኳ ፈልጌ አጣሁት።

ይህ ደብዳቤ የገባበት ጥቅል የታሰረው በዚያ ቋጠሮ ነው። ውስጡ ሹራብ አለ፣ ለትከሻሽ እንዲሆንሽ ብዬ ነው፣ ቀለሙ ጥቁር አይደለም። የሚያመጣልሽ ሾፌራችን ነው። መድኃኒቱን በመኪና የሚያመላልስ የእኛው ሰፈር አካባቢ ሰው ነው፣ ለእረፍት እየመጣ ነው፤ ቃሉን ይጠብቃል፣ ወሬ ግን ይወዳል። ስለ ቋጠሮው ለእሱም አልነገርኩትም። ለእህቴም በስልክ አልነገርኳትም። ብነግራት ወደ አንቺ የሚደርሰው ወሬው ነው፣ ወሬውን ደግሞ ሌባም ሊያወራልሽ ይችላል። ለሾፌሩ ያልኩት በእናቴ እጅ ብቻ ስጥ፣ ሌላ ሰው ልቀበልህ ቢል እንቢ በል ነው። እሺ አለኝ።

ከዚህ ወዲያ በእጄ ያለ ነገር የለም። ፍተሻ ላይ ቢያስፈቱትስ? ሻንጣው ጠቦት ሹራቡን ለብቻ ቢያወጣውስ? ቶሎ ቶሎ በሩ ላይ ከእጁ መንጭቃ መቀሷን ብታነሳስ? አንዴ ከተፈታ መልሶ ምስክር አይሆንም፤ ማንም ቢያስረው ክር ነው። እንዳትቆርጡት ብዬ ይህንን ሁሉ የምጽፈው ደግሞ ጥቅሉ ከተፈታ በኋላ በሚነበብ ወረቀት ላይ ነው። ማስጠንቀቂያውን የለጠፍኩት ከበሩ በስተውስጥ መሆኑ ነው። ባለሙያ ልጅ ወልደሻል እማዬ፣ ደስ ይበልሽ።

ለቶሎ ቶሎ ሰላምታዬ ይድረሳት። እህቴ፣ በዚህ ሁሉ መሐል የእኔን መኖር ሳትጠራጠሪ፣ የእማዬንም ለቅሶ ሳትንቂ መቆየትሽን አልረሳውም። መቀስሽን ካነሳሽም አልፈርድብሽም፣ አታውቂም ነበር። ለባለቤትሽ፣ ደረጃውን ደግፎ ስለሚያወጣት አመስግኚልኝ። ለልጅሽ ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አጎቴ ሞቷል ወይስ አልሞተም ብላ መጠየቋን ሰምቻለሁ፣ አልሞተም፣ ጥርሱን ብቻ ያመዋል በያት። ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን እግዜር ይስጥልኝ በዪልኝ፤ እናቴን ማስጠንቀቋ ልክ ነበር። ለድመቷም፣ ካለች።

እማዬ፣ እንግዲህ ይህ ወረቀት ሲነበብልሽ ክሩ ተፈቷል። የፈቱት ያንቺ ጣቶች ከሆኑ፣ ከመጀመሪያው ቃል በፊት አውቀሽኛል፤ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ትርፍ ነው፣ እሳት አያይዢበት። የሌላ ሰው እጅ ከሆነ ግን ይህም እንደ ስልኩ አንድ ተጨማሪ ድምፅ ነው፣ እመኚኝ ለማለት አፍ የለኝም። እንደዚያም ቢሆን ክሩን አትጣዪው። በራስሽ አስተሳሰር፣ በቀኝሽ፣ ባዶ ወረቀትም ላይ ቢሆን አስረሽ ለሾፌሩ ስጪልኝ። ሲመለስ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። እኔም በጣቴ አውቅሻለሁ።

ማንን ላይበት ብለሻል አሉ። እኔን እዪበት።

ልጅሽ ግራኜ

ከመድኃኒት መጋዘኑ ምድር ቤት
ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን